ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ ሙቀቱ፦ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትን በቤታችን ስንቀይር



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ «ሰው በገዛ ግቢው ሊሠራው ስለሚችል አንድ የመኪና ሥራ አስተምረን» አሉኝ። ጎማ መቀየሩን፣ የሞተር ዘይት መቀየሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የመረጥኩት ግማሹ ሰው የሚፈራውን፣ ግማሹ ሰው ደግሞ ጨርሶ የሚረሳውን ሥራ ነው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መቀየርን።

ለምን መረጥኩት? እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያለችው ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። ካምቢዮዋ አንድ ቀን እምቢ ካለ ደግሞ ወደ አዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከሌላ መኪና የተነቀለ ካምቢዮ መፈለግ ነው። የተነቀለውም ቢሆን ያለፈ ታሪኩ አይታወቅም፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ጥቂት ሊትር ዘይት በጊዜው መቀየር ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ዛሬ የምላችሁ ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። ካምቢዮ የሚገደለው በግምት ነው። በግምት የተገዛ ዘይት፣ በግምት የተሞላ መጠን፣ በግምት የታየ ልክ። ስለዚህ ሦስት ቃላት ያዙልኝ፦ ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ ሙቀቱ። ንግግሬ አራት ክፍል አለው። መጀመሪያ ዘይቱ ምን እንደሚሠራ፣ ሁለተኛ ዓይነቱን እንዴት እንደምናውቅ፣ ሦስተኛ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አራተኛ ደግሞ መቼ እጃችንን መሰብሰብ እንዳለብን እናያለን።

አንደኛ፦ ይህ ዘይት ምን ይሠራል?

በማንዋል ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ዋና ሥራው ጥርሶቹ እንዳይፋጩ ማለስለስ ነው። የአውቶማቲኩ ዘይት ግን አራት ሥራ አለው።

የመጀመሪያው፣ ጉልበት ያስተላልፋል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ። በሞተሩ በኩል ያለው ክፍል እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት በካምቢዮው በኩል ያለውን ክፍል ገፍቶ ያዞራል። መብራት ይዟችሁ ማርሹ ዲ ላይ እንዳለ ፍሬን ረግጣችሁ ስትቆሙ ሞተሩ የማይጠፋው በመካከላቸው ያለው ዘይት ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው፣ ማርሽ ይቀይራል። በካምቢዮው ውስጥ ተደራርበው የተቀመጡ ፍሪሲዮኖች አሉ። ፓምፑ በግፊት የሚልከው ዘይት አንዱን ጨምቆ ሌላውን ይለቃል፤ ማርሹ የሚቀየረው በዚህ ነው። ግፊቱ ከወረደ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ከተንሸራተተ ይቃጠላል።

ሦስተኛው፣ ሙቀት ይሸከማል። ዘይቱ ከካምቢዮው የወሰደውን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው አድርሶ ይመለሳል። አራተኛው ደግሞ የምናውቀው ማለስለስ ነው።

የዚህ ዘይት ቀንደኛ ጠላት ሙቀት ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት በጉልበት ስንነዳ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም ዘይቱን ያሞቀዋል። በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ እየቆሙ እየተነሱ አንድ ሰዓት ማሳለፍ፣ ሰው ሞልቶ ወደ እንጦጦ መውጣት፣ ሁሉም ያው ነው። በጎጃም መንገድ የሄዳችሁ ደግሞ ዓባይ በረሃን ታውቁታላችሁ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ከድልድዩ በኋላ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ያ ዳገት በሞቃት ቀን፣ ከከባድ መኪና ኋላ ተጎትቶ ሲወጣ፣ ለካምቢዮ ዘይት እውነተኛ ፈተና ነው። በሙቀት የተጎዳ ዘይት ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ቅባትነቱንም ያጣል፤ በጥቃቅን ቫልቮቹ ላይም እንደ ቫርኒሽ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይተዋል።

«ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» የሚል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ጥያቄው የማን ዕድሜ ነው የሚለው ነው። አምራቾች ስለ ዘይት ሲጽፉ ቀላል አጠቃቀምንና ከባድ አጠቃቀምን ይለያሉ። የኛ አነዳድ፣ ዳገቱ፣ መጨናነቁና አቧራው፣ ከከባዱ ወገን ነው። በእኔ እምነት በየ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ለአዲስ አበባ መኪና ተገቢ ነው። የመኪናችሁ መመሪያ ከዚህ ያነሰ ካለ መመሪያውን ተከተሉ።

ሁለተኛ፦ ዓይነቱ

የአውቶማቲክ ዘይት አብዛኛው ቀይ ስለሆነ ሁሉም አንድ ይመስላል። አይደለም። ፍሪሲዮኑ ሲጨመቅ ምን ያህል መያዝ፣ ምን ያህል መንሸራተት እንዳለበት የሚወስነው በዘይቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። ይህ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ካወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለዚህ ዘይት የሚሆነው ተመራጭ ቅመም ከስፐርም ዓሣ ነባሪ የሚወጣ ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ዓሣ ነባሪዎቹን ከመጥፋት ለመታደግ ስትከለክለው፣ ኬሚስቶቹ ምትኩን በፋብሪካ ለመሥራት ብዙ ደክመዋል። አንድ ቅመም ሲጎድል ካምቢዮው የሚያውቀው ከሆነ፣ እኛ «ቀይ እስከሆነ ድረስ» ብለን መግዛት የለብንም።

ታዲያ ዓይነቱን እንዴት እናውቃለን? ሦስት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛ፣ የካምቢዮው የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለ ብዙ ጊዜ በላዩ ላይ ተጽፏል። ቶዮታ ከሆነ ቲ-ፎር ወይም ደብሊው ኤስ የሚል ታገኛላችሁ። ሁለተኛ፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው በተለይ ከጃፓን ያገለገለች መኪና ገዝታችሁ መመሪያው በጃፓንኛ ለሆነባችሁ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ወይም የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በምሰሶው ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ወይም ተለጣፊ ወረቀት አለ። በላዩ ላይ የሞዴሉ፣ የቀለሙ፣ የካምቢዮው መለያ ተጽፏል። በቶዮታ የካምቢዮው መለያ በእንግሊዝኛው ዩ ወይም ኤ ፊደል ከጀመረ መደበኛ አውቶማቲክ ነው፤ ለምሳሌ ዩ340ኢ። በኬ ከጀመረ ግን ሲቪቲ የሚባለው በቀበቶ የሚሠራው ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ቪትዝ በዚሁ አንድ ስም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ስትሠራ በባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክም፣ በሲቪቲም ወጥታለች። ውስጥ ገብታችሁ ስታዩ የማርሽ ዘንጋቸው ይመሳሰላል፤ ዘይታቸው ግን አይገናኝም። በሲቪቲ ውስጥ የብረት ቀበቶ በሁለት ሾጣጣ ፑሊዎች መካከል ተጨምቆ ይሠራል። ዘይቱ ብረቱን እያለሰለሰ ደግሞ እንዳይንሸራተት መያዝ አለበት። ለዚህ የተሠራው ዘይት ሌላ ነው፤ በቶዮታ ቲሲ ወይም ኤፍኢ፣ በኒሳን ኤንኤስ-2 ወይም ኤንኤስ-3 ይባላል። የተለመደውን አውቶማቲክ ዘይት ሲቪቲ ውስጥ ከጨመራችሁ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይፍቃል፣ ካምቢዮው ያልቃል። ነጋዴው «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁም እንዳትሰሙት። ዓይነቱን ሳታረጋግጡ ቡሎን አትፍቱ።

ሦስተኛ፦ ሥራው፣ መጠኑና ሙቀቱ

አሁን ወደ ግቢያችን እንግባ። የማወራው የዘይት መለኪያ ዘንግ ስላላቸው፣ እንደ ያሪስና ኮሮላ ስላሉ መኪኖች ነው።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ትክክለኛው ዓይነት ዘይት ቢያንስ 4 ሊትር፣ አዲስ የማፍሰሻ ቡሎን ሮንዴላ፣ ለቡሎኑ የሚሆን ቁልፍ፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ብሩጎላ የምንለው ባለ ስድስት ማዕዘኑ ነው፤ ንጹሕ ሳፋ፣ በሚሊ ሊትር የተለካ ዕቃ፣ ቀጭንና ረጅም አንገት ያለው የዘይት መቅጃ፣ ጓንት፣ ብናኝ የማይተው ጨርቅ። ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያና ታኮም ያስፈልጋል።

ስለ ደኅንነት አንድ ቃል። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥታ ሥሯ መግባት ፈጽሞ አይደረግም። ሜዳው ደልዳላ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው፣ መኪናዋ በመቆሚያው ላይ ትረፍ። ገፋ አድርጋችሁ ሳትነቃነቅ ካያችሁ በኋላ ብቻ ግቡ።

ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥታችሁ ዘይቱን ለብ አድርጉት፤ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ከማፍሰሳችሁ በፊት የምትሞሉበትን ክፈቱ። መለኪያ ዘንጉን አውጡ፣ መቅጃው በቱቦው መግባቱን እዩ። መሙያውን ሳያገኙ ማፍሰስ መኪናዋን ባለችበት ማስቀረት ነው።

ቀጥሎ የማፍሰሻውን ቡሎን ለዩ። የሞተሩ ኮፓና የካምቢዮው ኮፓ፣ ማለትም ከሥር ያሉት የዘይት መያዣዎች፣ ጎን ለጎን ናቸው። የሞተሩን ዘይት በስሕተት አፍስሰው፣ ካምቢዮው ላይ ደግሞ አዲስ ዘይት ጨምረው መኪና ያስነሡ ሰዎች አሉ፤ ሞተሩ ያለ ዘይት፣ ካምቢዮው ከልክ በላይ ሞልቶ። ሁለቱን በዓይናችሁ ለይታችሁ ቁልፉን አስገቡ።

ዘይቱ ወደ ሳፋው ይውረድ፤ ጠብታው እስኪሣሣ ጠብቁ። እስከዚያው አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ጥሩ ዘይት ቀይና የሚያሳይ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ሰፋ ብሎ ይመጣል። ያረጀው ቡናማ ነው። ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ የተከማቸ ጥላሸት ትቶ፣ ስትጠጉት የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል ማለት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል፤ ዘይቱ ቡናማ ሳለ የቀየረ ሰው ጥቁሩን አያይም።

ኮፓውን አውርዳችሁ ፊልትሮውንም የምትቀይሩ ካላችሁ፣ በብዙ መኪኖች ኮፓው ውስጥ ትናንሽ ማግኔቶች ታገኛላችሁ። በላያቸው ላይ ጭቃ መሰል ግራጫ ልጥፍ ካለ አትደንግጡ፤ ይህ የተለመደ የብረት ብናኝ ነው። በጣታችሁ ስትደቁሱት ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው። ጣታችሁን የሚወጋ ስንጥር፣ የብረት ቁራጭ ካለ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔት እየተበላ ነው፤ ዘይት መቀየር አያድነውም። ማግኔቱን ጠርጋችሁ መልሱ፣ የኮፓውን ጓርኒሲዮን ለውጡ፣ ቡሎኖቹን በተራ በተራ በልክ አጥብቁ።

አሁን መጠኑ። የወጣው ዘይት ከአዲሱ ዘይት ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና በተለካው ዕቃ ለኩት። ቁጥሩን ጻፉ። 2.5 ሊትር ከወጣ 2.5 ሊትር ትመልሳላችሁ። ማፍሰሻውን በአዲስ ሮንዴላ፣ ክሩ እንዳይበላ ከልክ በላይ ሳትጫኑት አስራችሁ፣ በመለኪያው ቱቦ በቀስታ ቅዱ።

ይህ መጠን ከጠቅላላው ለምን ያንሳል? ምክንያቱም አብዛኛው ዘይት በቶርክ ኮንቨርተሩና በቧንቧዎቹ ውስጥ ይቀራል። ጠቅላላው 6.5 ሊትር ገደማ በሆነ ካምቢዮ፣ በአንድ ጊዜ 2.5 ሊትር ስትቀይሩ አዲሱ ከመቶ 38 ብቻ ነው። ጥቂት ነድታችሁ ስትደግሙ 62፣ ስትሠልሱ 77 ይደርሳል። በድፍርስ እንስራ ላይ ጥቂት እየቀነሱ ንጹሕ ውሃ እንደ መጨመር ነው፤ በአንድ ጊዜ አይጠራም፣ እየደጋገመ ግን ይጠራል። መሣሪያ ሳያስፈልጋችሁ፣ ካምቢዮውን ሳታስደነግጡ፣ በሳምንታት ልዩነት ሦስት ጊዜ መቀየር ለቤት ሥራ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው።

አሁን ሙቀቱ። ዘይት ሲሞቅ ይለጠጣል። 6.5 ሊትሩ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወጣ 0.3 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት በብርድ «ልክ ነው» ያላችሁት ዘይት በሙቀት ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። በቶዮታ መለኪያ ዘንግ ላይ ሁለት ክልል አለ፤ ለቀዝቃዛና ለሙቅ። የምታምኑት ሙቁን ነው፤ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ። ይህም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከተማ ውስጥ ከነዳችሁ በኋላ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ፍሬን እንደረገጣችሁ ማርሹን ከፒ ወደ አር፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤል እየወሰዳችሁ በእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆዩ፤ ወደ ፒ መልሱት። ሞተሩ እየሠራ ዘንጉን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ደግማችሁ አውጥታችሁ አንብቡ። በብዙ ሆንዳዎች ግን የሚለካው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ። የራሳችሁን መኪና መመሪያ እዩ።

ትንሽ ቢበዛ ምን አለበት የሚል አለ። ከበዛ የሚሽከረከሩት ዕቃዎች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል። አረፋ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ይጨመቃል፣ ግፊት አይይዝም። ካነሰ ፓምፑ ራሱ አየር ይስባል። በሁለቱም ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። መብዛትም ማነስም አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ ለዚህ ነው መጠኑን በግምት አትሙሉ የምላችሁ።

አራተኛ፦ መቼ እጃችንን እንሰብስብ?

አንዳንድ መኪኖች መለኪያ ዘንግ የላቸውም። ዘይታቸው የሚለካው ሥራቸው ባለ የትርፍ መውጫ ቡሎን ነው፤ መኪናዋ በአራቱም ጎማ እኩል ተነሥታ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የዘይቱ ሙቀት በኮምፒዩተር እየታየ። በብዙ ቶዮታዎች ይህ ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ነው። ያለ ሊፍትና ያለ ኮምፒዩተር ይህ የቤት ሥራ አይደለም። ወደ ጋራዥ ውሰዱ፤ ነገር ግን የተማራችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ዓይነቱን ጠይቁ፣ ሙቀቱ ስንት ነው በሉ፣ ሲሠራም አጠገቡ ቁሙ። ጥሩ መካኒክ በጥያቄያችሁ አይቆጣም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የምሰማው «ያረጀ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል» የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። ካምቢዮው አስቀድሞ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀ ነው። በአሮጌው ዘይት ውስጥ የሚንሳፈፈው የፍሪሲዮን ብናኝ ጥቂት መያዣ ሊሰጠው ይችላል፤ አዲሱ ንጹሕ ዘይት ያንን ሲወስድ መንሸራተቱ ይገለጣል። ዘይቱ ግን አልገደለውም፤ የሞተውን አሳየ። ስለዚህ ካምቢዮው ከተንሸራተተ፣ ዲ ከገባ በኋላ ዘግይቶ ከያዘ፣ ዘይቱ ከተቃጠለ፣ ከመቀየር በፊት አስመርምሩ። ዘይቱ አርጅቶ ሥራው ግን ጥሩ ከሆነ፣ በማሽን በግፊት አታስጥቡት፤ በትንሽ በትንሹ እያፈሰሳችሁ መልሱ።

የወጣውን ዘይት ደግሞ አትርሱ። ቱቦ ውስጥ አትድፉት፤ በመጨረሻ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚወርደው፤ ከዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጡ ወገኖቻችን አሉ። በጀሪካን አጠራቅማችሁ የተቃጠለ ዘይት ለሚረከብ ጋራዥ ስጡ። አደራ የምላችሁ ደግሞ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡት። ቀይ ወይም ቡናማ ነው፤ ለሕፃን ጭማቂ ይመስለዋል። ክዳኑ ጠንካራ በሆነ ዕቃ፣ በላዩ ላይ ጽፋችሁ፣ ልጆች በማይደርሱበት አኑሩት።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚህ ወጥታችሁ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። በኮፈኑ ሥር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ባለው ትንሽ ሰሌዳ የተጻፈውን የካምቢዮ መለያ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከዚያ አንድ ትንሽ ደብተር ገዝታችሁ በመኪናችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ስም፣ የወጣውንና የገባውን ሊትር ጻፉበት። ይህ ደብተር ለቀጣዩ መካኒክ መንገድ ያሳየዋል፤ መኪናዋን የምትሸጡ ቀን ደግሞ ለገዢው ከማንኛውም ምላስ የበለጠ ይመሰክርላችኋል። ከአገራችን መኪኖች ብዙዎቹ የጎደላቸው ይህ የተጻፈ ታሪክ ነው፤ ልንጀምረው የምንችለውም ዛሬውኑ ነው።

የሰሌዳውን ፎቶ አሁን በስልካችሁ የያዛችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ኑ፤ የመኪናችሁ ዘይት የትኛው እንደሆነ እዚሁ አብረን እንለየዋለን።